በጅብ ልክ የተሠራው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት ያለ ዝናብ ባለፈበት ቆላ ወንዙ ደረቀ። የቀረው ውኃ በአንድ ጥልቅ ገደል ሥር ያለ ኩሬ ብቻ ነበር። ኩሬው ጥሩና የማይነጥፍ ነው፤ ግን ወደ እሱ የሚያወርድ መንገድ የለም። ወፎች በርረው፣ ዝንጀሮዎች በቅርንጫፍ ተንጠላጥለው ይጠጣሉ። ሌላው እንስሳ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ውኃውን ቁልቁል ያያል፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ተመልሶ የቀረውን ጭቃ ይልሳል።

አንበሳ እንስሳቱን በትልቁ ግራር ሥር ሰበሰበ።

«ወደ ኩሬው መንገድ ይሠራ። ማን ይሠራዋል?»

ጅብ ማንም ሳይቀድመው ተነሣ። «እኔ ጌታዬ! ሥር እነቅላለሁ፣ ድንጋይ እፈነቅላለሁ። በሦስት ቀን አስረክባለሁ!»

ከቁጥቋጦ ውስጥ ቆቅ አንገቷን አወጣች። «አያ ጅቦ፣ ማን ማን እንደሚሄድበት ጠይቀሃል?»

«ምኑ ይጠየቃል? የጠማው ሁሉ ነዋ!»

«ላም የምታልፈው በምን ያህል ስፋት ነው? ኤሊስ ምን ያህል ከፍታ መውጣት ትችላለች? አህያ ልጇን ይዛ ስትወርድስ የት ታርፋለች?»

«ኧረ ተይኝ! እግር ያለው ሁሉ ይሄዳል። እግር እግር ነው» አለ ጅብ።

እንስሳቱ ሳቁ። ቀበሮ የአንበሳ አፈ ንጉሥ ስለነበረ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። «ቆቅ የገዛ ጥላዋንም ትጠራጠራለች» አለ። አህያም ሳቀች፤ ላምም ሳቀች። ቆቅ አንገቷን ወደ ቁጥቋጦው መለሰች።

ያ ሳቅ አሥራ አንድ ነፍስ አስከፍሏል።

ጅብ ሥራውን ሲጀምር መለኪያ አስፈለገው። ከራሱ ሌላ መለኪያ አላገኘም። የጅብ የፊት እግሮች ረጅም፣ የኋላዎቹ አጭር ናቸው። ቁልቁል ሲወርድ የፊቱ ዝቅ ይልለትና ጀርባው እንደ ሜዳ ይስተካከላል። ቁልቁለቱ በጠና ቁጥር እሱን ይመቸዋል። ስለዚህ ገደሉን ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ ቀደደው። ሥራው እንዲያምርም ቀዩን አፈር በሆዱ እየተንሸራተተ አለሰለሰው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ በሦስት ቀን ያለውን በሁለት ቀን ጨረሰ። ወርዶ ሞከረው፤ ተመቸው። «አለቀ!» አለ።

ሲመለስ ግን በሠራው መንገድ አልወጣም። ከኩሬው አጠገብ ባለች የዓለት ስንጥቅ ገባ። ስንጥቋ የምታደርሰው ወደ ራሱ ጉድጓድ ነው፤ በጅብ ጉድጓድ በኩል የሚያልፍ ሌላ እንስሳ ደግሞ የለም። ጅብ በዚያ መንገድ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አንድም ቀን አልታየም። ይህን ልብ ያለችው ቆቅ ብቻ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተመረቀ። ቀበሮ በመንገዱ አናት ላይ አበባ ነሰነሰ፤ በነጭ ሸክላ የአንበሳን ጎፈር በድንጋይ ላይ ሣለ። ከዚያ እንስሳቱን አሰለፈና፣ አንበሳ ተቀምጦ እያየ፣ አንድ በአንድ ጠየቃቸው።

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ያምራል» አለች ላም።

«በጣም ያምራል» አለች አህያ።

ሁሉም ያምራል አሉ። ሁሉም የቆሙት ከላይ ነበር፤ አንዳቸውም ገና አልወረዱም። ዝንጀሮ ብቻ ቅል አንጠልጥሎ ወረደ። እሱም በመንገዱ ሳይሆን ከጎኑ ባሉት ቅርንጫፎች ነው የወረደው። ቅሉን ሞልቶ ለአንበሳ አመጣለት። አንበሳ ጠጣና «ደግ ነው» አለ።

በዚያ አገር አንድ ሥርዓት ነበር። አንበሳ «ደግ ነው» ያለውን ነገር ማንም «ክፉ ነው» አይልም። ማረም ቀርቶ መጠየቅም ነውር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንበሳ ውኃውን በቅል እየተቀበለ፣ ግራሩ ሥር ተኝቶ ይጠጣ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍየል አዳልጧት ወደቀች፤ አንገቷ ተሰበረ። ጅብ ከታች ነበር። መጀመሪያ ደነገጠ፤ በመንገዱ የሚወድቅ ይኖራል ብሎ አላሰበም ነበር። ማሰብ ልማዱ አይደለም። ከዚያ ፍየሏን በላት። በማግስቱ አንድ ድኩላ ወደቀ፤ እሱንም በላው። በሦስተኛው ቀን ጅብ ማለዳ ተነሥቶ ከታች ተቀመጠ። የዚያን ቀን የወደቀው የላም ጥጃ ነበር።

ማንም አልጮኸም። ከመንገዱ መሀል በሕይወት የተመለሰ ሁሉ «እኔው አካሄድ አላውቅበትም» እያለ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቀበሮም በየቦታው እየዞረ አዋጅ አስነገረ። «የሚወድቁት የማይጠነቀቁ ናቸው። እንስሳ ሆይ፣ አካሄድህን አሳምር!»

በስምንተኛው ቀን የወንዙ የመጨረሻ ጭቃ ደረቀ። እመት አህያ ያን ጭቃ እየላሰች፣ የተጠራቀመችውንም ጠብታ ለልጇ እየተወች እስከዚያ ቆይታ ነበር። ጡቷ ከደረቀ ሁለት ቀን ሆኖታል። ውርንጭላው ገና የአንድ ወር ልጅ ነው። ምርጫ ስላልነበራት ልጇን ከፊቷ አድርጋ በጅብ መንገድ መውረድ ጀመረች።

ከመሀል ላይ፣ ከአንድ ነጭ ድንጋይ ሥር፣ የውርንጭላው የፊት እግሮች ከዱት። ቁልቁል ሲንሸራተት እናቱ ጋማውን በጥርሷ ያዘች። በቂጧ ተቀምጣ፣ በአራት ኮቴዋ አፈሩን ቧጥጣ ቆመች።

ከታች ድምፅ መጣ።

«እመት አህያ! እንኳን ደህና መጣሽ። ምነው እንዲህ ደከምሽ? ልጁን ልቀቂው፤ እኔ እቀበለዋለሁ።»

«እማዬ» አለ ውርንጭላው፣ «አያ ጅቦ ለምንድን ነው አፉን የከፈተው?»

 የእናቱ አፍ በልጇ ጋማ ተሞልቷል።

ወደ ኋላዋ እየተጎተተች ወጣች። ማለዳ የጀመረችው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አለቀ። ጉልበቷ ተልጦ ይደማል፤ ልጇ ይንቀጠቀጣል። አንድም ጠብታ አልጠጡም። ልጇን ጥላ ሥር አስተኝታ በቀጥታ ወደ ግራሩ ሄደች። ሳትጠራ ገባች፤ ሳትፈቀድ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ያ መንገድ ገዳይ ነው!»

በዙሪያው የነበሩት እንስሳት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ቀበሮ ብድግ አለ።

«ተይ እንጂ! ጌታችን ደግ ነው ያሉትን? ደግሞስ ተጠይቀሽ በአፍሽ ያምራል ብለሽ የለም? ሁሉም ሰምቷል።»

«ብያለሁ!» አለች አህያ። «አንበሳ ፊት አቁመህ ብትጠይቀኝ ሌላ ምን እል ነበር? ያኔ የጠየቅኸኝ ከላይ ቆሜ ነው። እስቲ መሀል ላይ ተንጠልጥዬ ጠይቀኝ! ልጄን በጥርሴ ይዤ ጠይቀኝ!»

«የኔ መንገድ ምን አደረገሽ?» አለ በጉድጓዱ በኩል ወጥቶ የመጣው ጅብ። «እኔ በየቀኑ እወርድበታለሁ። አንድም ቀን አዳልጦኝ አያውቅም። ኮቴሽ ነው ችግሩ።»

«አንተ ከታች አፍህን ከፍተህ ትጠብቅ አልነበር?»

«አዛግቼ ነው።»

ከእንስሳቱ መሀል አንዱ፣ «እመት አህያ ተዪው፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?» አለ። ሳቅ ሊጀምር ነበር። አህያ ዘወር ብላ አፈጠጠችበት።

«ባል የጠየቀ አለ? እኔ የፈለግሁት መንገድ ነው!»

ሳቁ ቀረ። ያን ጊዜ ቆቅ ከቁጥቋጦዋ ወጥታ ወደ መሀል ተራመደች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ስምንት ቀን ሙሉ መንገዱ ዳር ተቀምጫለሁ። ማንንም ያምራል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያየሁትን እናገራለሁ። መውረድ የጀመሩት አርባ ሦስት ናቸው። አሥራ አምስቱ ጠጥተው ተመለሱ፤ ከነሱም አሥራ ሁለቱ ጥፍር ያላቸው ናቸው። አሥራ ሰባቱ ሳይጠጡ ከመሀል ተመለሱ። አሥራ አንዱ ወደቁ። ከወደቁት ውስጥ አንድም አልወጣም።»

«የት ሄዱ?» አለ አንበሳ።

«ታችኛው ክፍል በዛፍ ተከልሏል፤ አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። አሥራ አንዱም የወደቁት ከነጩ ድንጋይ ሥር ነው። አንድ ሲወድቅ አካሄዱ ነው እንበል። አሥራ አንዱም ባንድ ቦታ ላይ ሲወድቁ ግን ጥፋቱ የቦታው ነው።»

 ዝንጀሮ ቅሉን እያሻሸ መሬት መሬቱን ያያል። እሱ በየቀኑ ኩሬው ድረስ ይወርዳል፤ ከታች ያለውን ሁሉ ያያል። ኋላ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠየቅ የመለሰው አንድ ቃል ነው። «አልተጠየቅሁም።»

አንበሳ ተቸገረ። መንገዱ ክፉ ነው ካለ፣ ደግ ነው ያለው እሱ ሊያፍር ነው። ስለዚህ መሀሉን መረጠ።

«ሦስት ቀን እሰጥሻለሁ። የተሻለ መንገድ ካለሽ ሥሪና አሳዪኝ። ካልሆነ አንቺም ልጅሽም እንደ ሌላው በዚሁ ትወርዳላችሁ፤ ሁለተኛም አቤት አትይም።»

ለውርንጭላው ርግብ በአፏ ጠብታ ጠብታ ታመጣለት ጀመር። ይህ ሦስት ቀን ያቆየዋል። አራተኛውን አያቆየውም።

አህያ ከግራሩ ሥር እንደወጣች ወደ ገደሉ ሮጣ በኮቴዋ መቆፈር ጀመረች። ቆቅ ተከትላት ደረሰች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«መንገድ ነዋ! ጊዜ የለኝም!»

«ጊዜ የሌለን መሆኑን አውቄ ነው የመጣሁት። ገደል ላይ ተሳስተሽ ብትቆፍሪ መልሰሽ አትደፍኚውም። ነይ ወደዚህ።»

ከገደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጉብታ አለ። ቆቅ በደረቅ ጭራሮ በጉብታው ላይ ሁለት መስመር ዘረጋች። «መንገድሽን መጀመሪያ እዚህ ሥሪው። እዚህ የወደቀ አቧራ ይነካዋል እንጂ ጅብ አይበላውም።»

አህያ እየተነጫነጨች ጭራሮውን ደረደረች። መንገዷ እንደ ጅብ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ እየተጠማዘዘ በቀስታ ይወርዳል። ጠባብ ነው፤ የአህያ እግር ጠባብ ቦታ ይበቃዋል። ደረጃዎቹ እስከ ጉልበቷ ይደርሳሉ፤ ለሷ ምንም አይደሉም። ወጥታ ወርዳ አየችው፤ ተመቻት።

«ይኸው! አለቀ!» አለች።

«ላምንና ኤሊን ጥሪልኝ» አለች ቆቅ።

ላም መጣች። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቀንዷ ጭራሮውን ጠራርጎ ጣለው። ወደ ፊት መሄድም ወደ ኋላ መመለስም አቅቷት ቆመች። ኤሊ ከመጀመሪያው ደረጃ ሥር ደርሳ አንገቷን ዘረጋች፣ አየችው፣ አንገቷን መልሳ አስገባች።

አህያ ደሟ ፈላ። ልጇ ሊሞትባት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በተሠራ መንገድ መሄድ አልቻሉም። «አዙሪው እንጂ ቀንድሽን! ምን ዓይነት አካሄድ ነው? እኔ ወርጄበት የለም እንዴ!»

«አሁን የተናገረው ማን ነው?» አለች ቆቅ።

«እኔ ነኛ!»

«እኔ የሰማሁት ግን የአያ ጅቦን ድምፅ ነው።»

አህያ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ዘጋችው። ጆሮዎቿ ወደቁ። 

ላም ከቆመችበት ሆና ተናገረች። «የሦስተኛው ቀን ጥጃ የኔ ነበር። ከፊቴ ነው የወደቀው። ዞሬ ልይዘው ፈለግሁ፤ መዞሪያ አልነበረውም።» 

አህያ ጭራሮውን በሙሉ አነሣችና ሁለተኛ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ሥራው የተጀመረው በመጠየቅ ነው። ያምራል ወይ የሚል ጥያቄ ግን አልነበረበትም። «ወንዙ ሳይደርቅ እንዴት ትጠጪ ነበር?» አለቻት ላምን። ላም ስትጠጣ ልጇን በግራዋ እንደምታቆም፣ ኋላዋን ማየት ሳትችል እንደማትራመድ ነገረቻት። ኤሊ ደረጃው ከሁለት ጣት ከበለጠ እንደማትወጣው፣ ዘቅዘቅ ያለ ግን ሻካራ መሬት እንደሚሻላት ተናገረች። አህያ ይህን ሁሉ ሰምታ መንገዱን በላም ቀንድ ልክ አሰፋችው። ደረጃዎቹን አፍርሳ በጠጠር የሻከረ ተዳፋት አደረገችው። በየመታጠፊያው መዞሪያና ማረፊያ ተወችለት።

በሁለተኛው ቀን እንደገና ተሞከረ። ቆቅ ለላምም ለኤሊም የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከጉብታው ግርጌ ውኃ አለ እንበል። ሂዱ፤ ጠጡ።»

ኤሊ መራመድ ጀመረች። ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ደርሳ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገባት። አህያ አላስቻላትም።

«በግራ! በግራ በይ!»

ቆቅ ዘልላ የአህያን ቁርጭምጭሚት በመንቆሯ ወጋች።

«ኧረ! ምን ሆንሽ?»

«ዝም በይ! አንቺ ስትጮኺላት የሠራው ያንቺ አፍ ነው፤ መንገዱ አልሠራም። ነገ ገደሉ ላይ ስትሄድ ቆመሽ ትጮኺላታለሽ?»

አህያ ምላሷን ነክሳ ቆመች። ኤሊ በቀኝ ሄዳ እሾህ ውስጥ ገባች። አህያ ያን ማየት ከመቆፈር ይልቅ ከበዳት። ግን ስላየችው አወቀችው። በመታጠፊያው ላይ በቀኝ በኩል ነጫጭ ድንጋዮች ደረደረች። ኤሊ ስትመለስ ማንም ሳይነግራት በግራ ታጠፈች። በዚያን ቀን እስከ ማታ አምስት ጊዜ ተሞክሮ አምስት ጊዜ ተስተካከለ። በስድስተኛው ማንም አልቆመም፤ ማንም አልጠየቀም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ገደሉ ሄዱ። በዚያን ጊዜ የሚቆፍሩት ሁለት ብቻ አልነበሩም። ከርከሮ መጣ፤ በሬ መጣ፤ ልጅ የወደቀባቸው ሁሉ መጡ። ምን እንደሚቆፍሩ ስለሚያውቁ የፈረሰ ነገር አልነበረም። በመንገዱ የሚወርድ ስለጠፋ ጅብ ከተራበ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እየዞረ ያያቸዋል።

«ይሄ ምን ይባላል? ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል! የኔ አጭር ነው!»

«ልክ ነህ» አለች ላም ቀና ሳትል። «ያንተ አጭር ነው። በቀጥታ ሆድህ ውስጥ ያስገባል።»

ከቀትር በኋላ አንበሳ መጣ። ቀበሮ አበባውን ነስንሶ፣ እንስሳቱን አሰልፎ ጠበቀው። ጉሮሮውን ጠርጎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሊል ሲል አህያ በመሀል ገባች። ዝንጀሮ የያዘውን ቅል በጥርሷ ነጥቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና ረገጠችው። ቅሉ ተሰበረ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ውኃ ወደ እርስዎ አይመጣም። ራስዎ ይውረዱ።»

አንበሳ አገሳ። ቅጠል ረገፈ፤ ቀበሮ ሁለት እርምጃ ሸሸ። አህያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከልጇ ሞት የሚከፋ ግሳት የለም።

«ያጸደቁትን መንገድ ስምንት ቀን የሄደበት ሌላው ነው» አለች። «ይኼኛውን ከማጽደቅዎ በፊት ይሂዱበት።»

 አንበሳ ተነሣና በአዲሱ መንገድ ወረደ። አህያ፣ ላምና ቆቅ ተከተሉት። አንበሳ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም፤ ማንንም ወዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። ኩሬው ጋ ደርሶ ጎንበስ ብሎ ጠጣ።

ቀና ሲል አጥንቱን አየ።

በጅብ መንገድ ግርጌ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ተከምሯል። አሥራ አንድ የራስ ቅል ነው። ከመካከላቸው ቀንዱ ገና ጉጥ ያለ የጥጃ ቅል አለ። አንበሳ የዚያ አገር ገዥ ሆኖ ሰባት ዓመት ተቀምጧል፤ እዚያ ቦታ እግሩ ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጅብ ከክምሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ጅብ! ይህ ምንድን ነው?»

«ወደቁ ጌታዬ። እኔ... አነሣኋቸው።»

«የመጀመሪያዋ ስትወድቅ አይተሃል?»

«አይቻለሁ እንጂ!»

«ታዲያ መንገዱን ለምን አላስተካከልከውም?»

ጅብ በእውነት ግራ ገባው። መዋሸት እንኳ አልመጣለትም።

«ለምን አስተካክለዋለሁ ጌታዬ? በደንብ እየሠራ ነበር እኮ!»

  ቀጥላ የተናገረችው ላም ናት፤ የተናገረችውም ለጅብ አይደለም።

«እሱስ ጅብ ነው» አለች አንበሳን ቀጥ ብላ እያየች። «እርስዎ ግን ደግ ነው ሲሉ ምን አይተው ነበር?»

አንበሳ ዓይኑን ከአጥንቱ አላነሣም። ከዚያ ወደ ጅብ ዞረ። «በሠራኸው መንገድ ውጣና ከአገሬ ሂድ።»

ጅብ ወደ ስንጥቁ ተሽቀዳደመ። ላም ቀድማው ነበር፤ ቀንዷ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። በአዲሱ መንገድ አፍ ላይ ደግሞ አንበሳ ቆሟል። በገዛ ሆዱ ባለሰለሰው አፈር ላይ መውጣት ጀመረ። ቁልቁል ሲወርድ የጠቀመው ቁመት ሽቅብ ሲወጣ ጠላቱ ሆነ፤ ረጅሙ የፊት እግሩ ወደ ኋላ ይገፈትረዋል፣ አጭሩ የኋላ እግሩ መቆሚያ ያጣል። ነጩ ድንጋይ ጋ ደረሰና ወደቀ። ሁለተኛም ወጣ፤ እዚያው ወደቀ። በሦስተኛው ሲወድቅ ወገቡ ቀጭ ሲል ተሰማ። በአራተኛው እየተጎተተ ወጥቶ ሄደ። ጅብ እስከ ዛሬ ሲሄድ የሚያነክሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ቀበሮን የነካው የለም። ከላይ አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ለተሰበሰቡት እንስሳት «እኔ ከመጀመሪያውም ተናግሬ ነበር!» እያለ ያስረዳ ነበር። ዛሬም በሆነ ጫካ አበባ እየነሰነሰ መንገድ ያስመርቃል።

አንበሳ ሊሄድ ሲል አዲሱን መንገድ ሽቅብ አየና፣ «ደግ...» ብሎ ጀመረ።

«አይበሉ ጌታዬ» አለች ቆቅ። «ክረምት ሲገባ ጠጠሩ ሊንሸራተት ይችላል። ዝናብ ከጣለ በኋላ መጥተን ሲሄዱበት እናያለን። ያኔም የሚታረም አይጠፋም።»

አንበሳ ቃሉን ዋጠ። በዚያ አገር ከዚያን ቀን ወዲህ «ደግ ነው» የሚባል አዋጅ የለም።

ያን ጊዜ ከላይ ትንሽ የኮቴ ድምፅ ተሰማ። ውርንጭላው የእናቱን ሽታ ተከትሎ ብቻውን መውረድ ጀምሯል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ደርሶ ቆመ። አህያ «በግራ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቆቅን አየቻት፤ መልሳ ዘጋችው። ውርንጭላው እንደ ጉብታው በቀኝ የተደረደሩትን ነጫጭ ድንጋዮች አየና በግራ ታጠፈ። ማረፊያው ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ደረሰ፤ አፉን ውኃው ውስጥ ነክሮ ጠጣ፣ ጠጣ፣ አሁንም ጠጣ። መንገዱን ማን እንደሠራው አልጠየቀም። መንገድ መኖሩንም ልብ አላለም።

ሲጠግብ ቀና ብሎ ዙሪያውን መመልከት ጀመረ። እናቱ ተራመደችና በልጇና በአጥንቱ መካከል ቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው የሚሠራ ሁሉ በራሱ እግር ሳይሆን በሚሄድበት እግር ለክቶ፣ ሲሄዱበትም ዝም ብሎ አይቶ፣ ያየውን እያረመ መሥራት እንዳለበት፣ ብዙዎች አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ደግሞ የሚጠየቀው የወደቀው ሳይሆን መንገዱን የሠራውና ሳይሄድበት ያጸደቀው መሆኑን ነው።